የድልድዩ ሜዳሊያ ሙከራ

ሰዓት ጠጋኙ ያለቀለት ሜዳሊያ አይወድም። «አምሮ የወጣ ነገር ምኑ ይጠየቃል?» ይላል። እሱ የሚሰበስበው ሙከራዎቹን ነው፤ ቅርጹ ተቆፍሮ ሳያልቅ፣ እንዴት እንደሚወጣ ለማየት በለስላሳ እርሳስ ብረት ላይ የሚመቱትን። ጽሑፍ የሌላቸው፣ አፍንጫቸው ያላለቀ ሹማምንት መሳቢያውን ሞልተውታል። ሚስቱ «የጎደሎዎች ማኅበር» ትላቸዋለች።

ፈልጎ ያጣው አንዱ ግን እንቅልፍ ነስቶት ኖሯል፤ የትልቁ ድልድይ ምረቃ ሜዳሊያ ሙከራ። እናቱ ለዚያ ድልድይ ድንጋይ ተሸክማለች። «ቀራጩ መጥቶ ስሎኛል፤ ሜዳሊያው ላይ አለሁ» ትል ነበር። ባለቀው ሜዳሊያ ላይ ግን ድልድይና ማማ እንጂ ሰው የሚባል የለም። ዘመድ ሁሉ ሲስቅባት ኖረ፤ እሷም ውሎ አድሮ ነገሩን ማንሳት ተወች። ልጇን የቆረቆረው ይህ ዝምታዋ ነው።

አንድ ቀን አሮጌ ዕቃ ሻጩ የጠቆረች ክብ እርሳስ ይዞ መጣ።

«ከቁርጥራጩ ጋር ልመዝናት ስል አንተ ትዝ አልከኝ» አለው።

ሰዓት ጠጋኙ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አጎነበሰ። ድልድዩ አለ። ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ የተሸከመች ሴት! ሱቁን በቅጡ ሳይዘጋ ወደ እናቱ ቤት ከነፈ።

እናቱ በማጉያው አየችና ፊቷ ጥቁር አለ። «እኔ አይደለሁም።»

«እንዴት እማዬ? ደግመሽ እይማ!»

«አየሁ እኮ ልጄ። እኔ በቀኝ ትከሻዬ ነበር የምሸከመው፤ ግራው ተሰብሮ ስለነበር ምንም አያነሳም። ይቺ የተሸከመችው በግራዋ ነው። ሌላ ሰው ናት።»

ነገሩ አልዋጥልህ ሲለው ለማነጻጸር ይዞት የመጣውን ያለቀውን ሜዳሊያ ከኪሱ አውጥቶ ከሙከራው ጎን አስቀመጠው። ማማው! ባለቀው ላይ በቀኝ ዳር የቆመው ማማ፣ በሙከራው ላይ በግራ ነው። ቀራጭ የሚመታበትን ብረት የሚቆፍረው ምስሉን ገልብጦ ነው፤ ሲመታ እንዲቃና። ይሄኛው ግን ችኮላ ይሁን ድካም፣ ሥዕሉን እንዳለ ቀድቶት ሁሉም ነገር ተገልብጦ ወጥቷል። ሲያርመው ሴትየዋን ለምን እንደተዋት ማን ያውቃል?

የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ከግድግዳው ነቅሎ አመጣና ሙከራውን ፊት ለፊቱ ያዘላት። መስታወቱ ውስጥ ድንጋዩ ቀኝ ትከሻ ላይ ነው።

እናቱ «አላልኳችሁም?» ትላለች ብሎ ሲጠብቅ ነበር።

«ለካ ልጅ ነበርኩ» አለች። «እንዲህ ትንሽዬ ልጅ ነበርኩ።»

እጁ እስኪዝል መስታወቱን እንደያዘላት ቆመ።