ኩላሊቴን ለመስጠት የጋብቻ ውል ፍለጋ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ አዳማ

ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጡሩንባውን ሲነፋ ባለቤቴ ለሚ የውሃ ላስቲኬን ሞልቶ ይዞልኝ ወጣ። "መንገድ ላይ ጠጪ እሺ? ሐኪሙ ያለሽን እንዳትረሺ" አለኝ። እሱ ራሱ በቀን ከሁለት ብርጭቆ በላይ ውሃ አይፈቀድለትም። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እጥበት ላይ አራት አራት ሰዓት ይተኛል። በተረፉት ቀናት ደግሞ የብረት በር ይበይዳል። "ምናለ ብታርፍ" ስለው "ሦስት ቀን ተኝቼ ስከርም አላየሽም እንዴ?" ይለኛል። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ለሁለት ቀን ከአልጋ የማልወርድ ሴት ስለሆንኩ ይህን ሰው ሳላደንቅ የምውልበት ቀን የለም።

ወደ ጉዞዬ ምክንያት ልግባ። ኩላሊቴን ልሰጠው ነው። ደማችን ገጥሟል፤ ምርመራውንም ጨርሻለሁ። የሃያ አራት ሰዓት ሽንቴን በጀሪካን ይዤ አዲስ አበባ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ "ጠጅ ነው ልጄ?" ብለው ጠይቀውኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አሁን አላስታውስም። ብቻ ሐኪሞቹ "ትችያለሽ" ብለውኛል። የቀረው አንድ ወረቀት ነው። ኩላሊት እንዳይሸጥ ሕጉ ጥብቅ ስለሆነ፣ ሰጪዋ ዘመድ ወይም ሚስት መሆኗን በማስረጃ ማሳየት አለባት። እኛ ደግሞ ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖን፣ ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ወልደን፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት የለንም። የተጋባነው በሽማግሌ ነው። በእጅ የተጻፈችው ውል ያለችው ኩየራ፣ ለሚን ያሳደጉት አጎቱ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ነው። የምዝገባ ቢሮው ሠራተኛ "ዋናውን ውል አምጪ፣ ሰኞውኑ እመዘግባችኋለሁ" አለኝ። ጉዳያችንን የሚያየው የሆስፒታሉ ኮሚቴ ሐሙስ ይቀመጣል። ሐሙስ ካመለጠን ቀጣዩ ስብሰባ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘንም፤ ለሚ ደግሞ ከወር ወር እየከሳ ነው።

ለኦቦ ደውዬ "የጋብቻ ውላችንን ልወስድ እመጣለሁ" ስላቸው ዝም አሉ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። "ነይ" አሉና ዘጉት። ስለ ኩላሊቱ አልነገርኳቸውም። ለእናቴም ቢሆን አልተነገራትም። ለሚን እሺ ለማሰኘት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ አንድ ሰው "ተዉ" ካለ እሺታው እንዳይነጠቅብኝ ፈራሁ።

1:30፤ ሞጆ

ከጅቡቲ የመጡ ተሳቢዎች እስከ ደረቅ ወደቡ ድረስ ተሰልፈዋል። የቆዳ ፋብሪካ ሽታ፣ የናፍጣ ጭስ፣ የተጠበሰ በቆሎ። ሹፌራችን ወፍራምና ጨዋታ አዋቂ ነው። "በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ልግባ ወይስ በአሮጌው?" ብሎ ሲጠይቅ ኋላ የተቀመጡት የሽንኩርት ነጋዴዎች "መቂ ወራጅ አለ!" ብለው ጮኹበት። "እንግዲህ ሕዝብ ከመረጠ" አለና ወደ አሮጌው ታጠፈ።

"አንቺስ ወዴት ነሽ እህቴ፣ ለቅሶ ነው?" አለኝ በመስታወቱ እያየ።

"ወረቀት ላመጣ ነው።"

"ወረቀት ከሆነ አይቀናሽም። ቅዳሜ ነው" አለኝ። ሟርቱን ይዘን ቀጠልን።

3 ሰዓት፤ መቂ

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ስምጥ ሸለቆን ለተማሪዎቼ በጠመኔ ሁለት መስመር አስምሬ ነው የማሳያቸው፤ በመሃሉ የሚኖረውን ሰው ግን ሰሌዳው አይችለውም። መንገዱ ዳርና ዳር ቲማቲም በሣጥን ተደርድሯል፣ ቀይ ሽንኩርት በማዳበሪያ ከረጢት ተከምሯል፣ የውሃ ፓምፕ በየማሳው ይጮሃል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ፓፓያ በመስኮት አቀበለችኝ፤ አዳማ ከምገዛበት በግማሽ ዋጋ ነው። እጇ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ከንጋት ጀምራ ውሃ ስታጠጣ እንደነበር ነግራኝ "ደክሞሻል?" ስላት ሳቀችብኝ።

4:30፤ ባቱ

የቀድሞዋ ዝዋይ። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ትልልቅ ሆዳቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። የለሚ ታላቅ እህት ጫልቱ እዚህ ዓሣ ቤት አላት። የጫልቱን ዓሣ ጥብስ ያልቀመሰ ባቱን አየሁ ባይል ደስ ይለኛል፤ ውጩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያች አንዲት መጥበሻ ነው።

ዛሬ ግን ሌላ ሰው ሆናብኛለች። ሌላ ጊዜ አራቴ የምትስመኝ ሴት እጇን ብቻ ሰጠችኝ። ዓሣውን አቅርባ ሄደች፤ አብራኝም አልተቀመጠችም። ልከፍል ስል "ከአንቺ አልቀበልም" አለች፣ ፊቷን አዙራ። "አጥፍቼ ነው?" ብላት "እሱን ኦቦ ዘንድ ስትደርሺ ትሰሚዋለሽ" አለችኝ። ሳልጠይቃት ስለቆየሁ የተቀየመችኝ መሰለኝ።

6 ሰዓት፤ ከላንጋኖ እስከ አርሲ ነጌሌ

በግራ ላንጋኖ፣ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ። በቀኝ አብያታ፣ ዓመት በዓመት ከዳርቻው እየሸሸ። በመሃል ግራር፣ ፍየል፣ የከሰል ከረጢት። ነጌሌ ስንደርስ ዳገቱ ጀመረ፤ አየሩ ቀዘቀዘ፣ የአረቄ ሽታም በመስኮት ገባ። የያዝኩትን ውሃ እዚያ ጨረስኩት። ኩላሊቴን እንደ እንግዳ እየተንከባከብኩ ነው የምጓዘው፤ ጨው ቀንሻለሁ፣ ራሴን ሲያመኝም ክኒን አልወስድም።

8 ሰዓት፤ ኩየራ

ቅዳሜ ኩየራ ፀጥ ይላል። የከተማዋ ሚስዮን ምእመናን ሰንበትን የሚያከብሩት ቅዳሜ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ሱፉን ለብሶ መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር ይዞ በረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር በእግሩ ይሄዳል። ኦቦ ገመቹም ከጸሎት እንደተመለሱ ክራባታቸውን አላወለቁም። ግቢያቸው ውስጥ አራት ወንበር ወጥቷል። በአንዱ ጎረቤታቸው ሐጂ ሁሴን፣ በሌላው በድሮው የሚስዮን ሆስፒታል ድሬሰር የነበሩት ጋሽ ማቴዎስ ተቀምጠዋል። ሦስቱም ውላችን ላይ የፈረሙ ናቸው። አራተኛው ወንበር ለእኔ ነው።

"አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ ኦቦ። እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ግን የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

ሐጂ ጀመሩ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ምን አጠፋ?"

"ማን?"

"ባልሽ ነዋ!"

"ኧረ ምንም አላጠፋም።"

"መታሽ?"

"ለሚ? ሐጂ፣ እሱ ዝንብ ይመታል?"

"ስለታመመ ነዋ" አሉ ኦቦ ወደ መሬት እያዩ። "ስሚኝ ልጄ። ስትጋቡ 'የከተማ ልጅ አትበረክትም' ያልኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አሳፈርሽኝ። በማፈሬም ደስ ብሎኝ ኖርኩ። ዛሬ ትክክል አታድርጊኝ።"

ያኔ ገባኝ። እዚህ አገር ሴት የጋብቻ ውሏን የምትጠይቀው ልትፋታ፣ ንብረት ልትካፈል ፍርድ ቤት ስትሄድ ብቻ ነው ለካ! ኦቦ ስልኩን እንደዘጉ ለጫልቱ ደውለዋል፣ ሽማግሌ ጠርተዋል፣ ወንበር አስወጥተዋል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ደሜ ፈላ፤ የታመመ ባሏን ጥላ የምትሄድ ሴት ለመምሰል ምን አድርጌ ነው? ለማንም ላለመንገር የወሰንኩትን ረሳሁት።

"ኦቦ፣ ልፈታው አይደለም። ኩላሊቴን ልሰጠው ነው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ሐጂ "ሁለቱንም?" ብለው ጠየቁ፣ በጣም ደንግጠው። ጋሽ ማቴዎስ የድሬሰርነት ዘመናቸው ተመለሰላቸውና ተነስተው በከዘራቸው አፈሩ ላይ ሁለት ባቄላ የመሰለ ነገር ሥለው አስረዱ። "አንዱ ለሰው ይበቃዋል። ሁለት የሰጠን ፈጣሪ ቸር ስለሆነ ነው።"

ኦቦ ኮፍያቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ሰጡን። ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቷል። አለቀ፣ ወረቀቱን ሊያመጡልኝ ነው ብዬ ተነሳሁ።

"እናትሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እንግዲያው ወረቀቱን አልሰጥሽም።"

"ኦቦ፣ ሐሙስ እኮ..."

"አንቺን ስንወስድ ሦስቴ ተመላልሰን፣ ደጅ ቆመን፣ ለምነን ነው። ከአካልሽ ስንወስድ ዝም ብለን ነው? ሌባ ነን እንዴ? ነገ አዳማ እንሄዳለን። እንለምናለን። እሺ ካለች ውሉ ያው። እምቢ ካለች ይዤው እመለሳለሁ።"

እናቴን አያውቋትም። አባቴ "ቀላል ነው" ለተባለ ኦፕሬሽን ገብቶ አልወጣም። እናቴ ከዚያ ወዲህ በሆስፒታል በር እንኳ ማለፍ አትወድም፤ መንገድ ትቀይራለች። ይህን ነግሬ ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ። "ለዚያ ነው ልንለምናት የሚገባው" አሉ፣ ፍንክችም አላሉ። ለለሚ ስደውልለት አጉረመረመና "እማማ እምቢ ካሉ እኔም እምቢ ብያለሁ" አለኝ። ያንን ምሽት እራት የበላሁት እንዲሁ ላለማስቀየም ነው።

እሑድ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፤ ሻሸመኔ

ወንበር ያለው መኪና የሚገኘው ከመነሻው ስለሆነ ወደ ኋላ ሻሸመኔ ሄድን። የሐዋሳ፣ የባሌ፣ የወላይታ፣ የአዲስ አበባ መንገድ እዚህ ይገናኛል፤ ሁሉም ሹፌር ባንዴ ይጣራል። ድንች በኩንታል፣ አቮካዶ በሣጥን፣ ፀጉራቸውን የጎነጎኑ ሁለት የጃማይካ ሽማግሌዎች በባጃጅ። ኦቦ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገብተው ጢማቸውን ተላጩ። "የሚለምን ሰው ንጹሕ መሆን አለበት" አሉኝ። ሐጂ አዲስ ኮፍያ አደረጉ። ጋሽ ማቴዎስ የሚናገሩትን በወረቀት ጽፈው እያጠኑ ነው። ሦስቱም ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ የኦቦ አንዱ ጉልበት አይታጠፍም፣ የሐጂ ዓይን በደንብ አያይም። ወረቀቴን ስለከለከሉኝ ተቆጥቼ እንኳ በፍቅር ነበር የማያቸው።

ባቱ መውጫ ላይ ጫልቱ መንገድ ዳር ቆማ መኪናውን አስቆመች። ኦቦ ነግረዋታል። በመስኮት ጎትታ ስንቴ እንደሳመችኝ አልቆጠርኩም። "ይቅር በይኝ፣ ዓሣውን እንኳ በጥላቻ ነው የጠበስኩልሽ" አለች እያለቀሰች። ሹፌሩ "ሞልቷል" ሲላት "እህቱ ነኝ፣ አልቀርም" ብላ ሞተሩ ላይ ተቀመጠች። የማን እህት እንደሆነች ሹፌሩ አልጠየቃትም።

8 ሰዓት፤ አዳማ

በሁለት ባጃጅ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ እናቴ ቤት። እናቴ የምንጃር ሰው ናት፤ ነጭ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቡና ትቆላ ነበር። ሦስቱን ሽማግሌዎች ስታይ መቁያዋን ጣለች።

"ግቡ እንጂ። ቁጭ በሉ።"

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ" አሉ ኦቦ። ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረው ቆሙ፣ ልክ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እንደቆሙት። እኔና ጫልቱ በር ላይ ቀረን።

"ምን ልትጠይቁኝ ነው ደግሞ?" አለች እናቴ ግራ ተጋብታ። "ሌላ ሴት ልጅ የለኝም እኮ።"

"ያቺኑ ልጅ ነው።"

ጋሽ ማቴዎስ ያጠኑት ጠፋባቸው። ኦቦ ራሳቸው ተናገሩ። የለሚን ሕመም፣ ማሽኑን፣ ምርመራውን ሳይሸፋፍኑ ነገሯት። "ከአካሏ አንድ ኩላሊት ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው። እምቢ ቢሉን አንቀየምም። ሰው የልጁን አካል ቢከለክል ሐቁ ነው" ብለው ጎንበስ አሉ። ያ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ግድግዳውን ያዙ።

እናቴ የአባቴን ፎቶ አየች። ከዚያ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"ያን ጊዜ ልጄን ስሰጣችሁ" አለች በመጨረሻ፣ "ኩላሊቷን አስቀርቼ ነው እንዴ የሰጠኋችሁ?"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና አለቀሰች። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ኦቦ ከሱፋቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለውን ውል አውጥተው በሁለት እጃቸው ለእናቴ ሰጧት፤ እናቴም ለእኔ አቀበለችኝ። ወረቀቱ የኦቦን ደረት ሙቀት ይዞ ነበር።

እንግዶቹ ውሃ ሲጠጡ አጠገቧ ተንበረከክሁ። "እማዬ፣ እኔ ሳልነግርሽ በመቅረቴ..."

"ብትነግሪኝ እከለክልሽ ነበር" አለችኝ፣ ፀጉሬን እየዳበሰች። "በፍጹም አልፈቅድልሽም ነበር። ለሽማግሌ ነው እምቢ የማይባለው።"