ለአባቴ የሠራናት ጂፕ

ባለፈው ቅዳሜ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ላይ የሠርግ መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ቆሜ ስጠብቅ፣ ከሰልፉ ፊት አንዲት አሮጌ የጦር ጂፕ ብቅ አለች። አረንጓዴ ቀለሟ ገና ያልደረቀ ይመስላል። ሙሽሮቹ ከኋላ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አጠገቤ የቆመ ሰው፣ «ባለቤቷ ለሠርግ ነው የሚያከራያት፤ እንዴት አድርጎ አሳምሯታል!» አለኝ።

«ልፋቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ ሠርቻለሁ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ የምኖረው ሸዋ በር አካባቢ ከወላጆቼ ጋር ነው። አባቴ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፋቸው ተሰቅሏል፦ ወጣት ሆነው፣ ቆባቸውን ወደ ጎን አዘንብለው፣ ጂፕ ተደግፈው ይስቃሉ። እኔ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ዝም ይላሉ። እናቴ «ተዋቸው፣ ተፈጥሯቸው ነው» ትለኛለች። እኔ ግን የዝምታቸው መድኃኒት እዚያ ፎቶ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

ጓደኛዬ ረመዳን የጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የአሮጌው ከተማ ልጅ ነው። ፈላና በር፣ ከግንቡ ውጭ፣ ትንሽ የብየዳ ቤት ነበረችው። አንድ እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ላለው የሐጂ ዩሱፍ አትክልት ቦታ የብረት በር ሲገጥም አብሬው ሄድኩ። ከማንጎው ዛፍ ሥር የጂፕ ቀፎ አየሁ። ጎማ የላትም፣ ሞተር የላትም፤ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ሐጂ በሐራጅ ገዝተው ሞተሯን አውጥተው ከጉድጓድ ውሃ ይስቡበታል።

«ሐጂ፣ ይህችን ጂፕ ምን ሊያደርጓት ነው?» አልኳቸው።

«የዶሮ ቤት ናት እንጂ ጂፕ የት አለ?» አሉ። «ቀፎዋን ውሰድ፣ ሐላል ይሁንልህ። ሞተሩን ግን እንዳትመኝ። እሱ ከሄደ ቃሪያዬም ቲማቲሜም አብሮ ሄደ።»

ቀፎዋን በአሸዋ መኪና ጭነን ረመዳን ቤት አወረድን። ሁለት ክረምት ፈጀችብን። በአስተማሪ ደመወዝ ዕቃ የሚገዛ የለም፤ የሚለመን፣ የሚለወጥ፣ ከቁራጭ የሚሠራ ነው። ወለሏን ከዘይት በርሜል ቆርጠን ለበጥን። ሁለቱን ጎማዎች ከጋሪ ፈታን፤ ለባለጋሪው ረመዳን በምትኩ አዲስ አክሰል ሠራለት። መሪዋ የአውቶቡስ ስለነበረ ነጂው ክንፉን የዘረጋ ንስር ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ የረመዳን እናት ከቡና ቅጠልና ከወተት የሚፈላውን ቁጢ ይልኩልናል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዘይት በነካ እጃችን ስኒውን ይዘን፣ የማይገጥመውን እንዴት እንደምናስገጥም እንከራከራለን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

የቀረን ሞተሩ ነበር። ረመዳን ለሐጂ ምትክ የሚሆን አንድ የሞተ የውሃ መሳቢያ ከቁርጥራጭ ብረት ተራ አገኘ። አንድ ወር ሙሉ እየፈታ ገጠመው። ሐጂ ጉድጓድ ላይ ስናስነሳው ውሃው እየተንፎለፎለ ወደ ቃሪያው መደብ ደረሰ። ሐጂ እጃቸውን ከውሃው ሥር ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «በሉ፣ ሞተራችሁን ንቀሉ።»

መስከረም ላይ፣ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ ጂፗን እየነዳሁ ቤታችን በር ላይ ቆምኩ። ረመዳን ጥሩምባውን ነፋ። አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ። አዩን። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ገብተው በሩን ዘጉት። ረመዳን እጁን ከጥሩምባው ላይ ቀስ ብሎ አነሣ።

ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ጂፗን በሸራ ስሸፍን ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ማን ጠይቆህ ነው?»

«ደስ ይልዎታል ብዬ ነው፣ አባባ። ፎቶው ላይ...»

«ፎቶው ከጦርነቱ በፊት ነው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡና ነገሩኝ። ጦርነቱ ከምሥራቅ ወደ ሐረር በቀረበ ጊዜ እንደዚህች ባለች ጂፕ መኮንኖች ጭነው ያፈገፍጉ ነበር። መንገድ ዳር ሦስት ቁስለኞች እጃቸውን አነሡ።

«አንደኛው ‹ተሰማ!› ብሎ በስሜ ጠራኝ። አብረን ነበር የተቀጠርነው። ቦታ የለም። ‹ንዳ› አሉኝ፣ ነዳሁ። በማግስቱ ብመለስ ማንም የለም። የዚህች ሞተር ድምፅ ሲመጣ የሰማሁት እሱን ነው።»

«ነገ እንሸጣታለን» አልኩ።

ከዚያ ተነሥተው ሸራውን ገለጡና የኋላውን ወንበር በመዳፋቸው ለኩ።

«እዚህ ስንት ሰው ይቀመጣል?»

«ሁለት።»

«ጠባብ ናት። ረመዳንን በለው፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ይበይድባት። ስድስት ሰው ትያዝ።»

በማግስቱ ተበየደ። ከዚያ ወዲያ ጂፗ ለብዙ ክረምት፣ ሚኒባስ ጭቃውን በማይደፍርበት ወቅት፣ የድሬ ጠያራን ሰው ሸዋ በር አመላለሰች፤ ማንጎ የተሸከሙ ሴቶች፣ ሕመምተኛ፣ አንዳንዴም ፍየል። ረመዳን ነበር የሚነዳት። አባቴ አንድም ቀን አልተሳፈሩባትም። ብቻ ማምሻውን በር ላይ ቆመው፣ «መንገድ ላይ የቀረ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁታል። አንድ ቀን ረመዳን፣ «አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጋሼ ተሰማ፣ ግን ሞልቶ ነበር» አላቸው። እዚያው ቆመው አዩት። ረመዳን መኪናዋን አዙሮ ሄደ፤ ሽማግሌውን ይዟቸው እስኪመለስ አባቴ ከበሩ አልተነቃነቁም።

አሁን እሳቸው አርፈዋል፤ ጂፗም ሻንሲዋ ተሰብሮ ተበታትና ተሸጣለች። እኔም ጡረተኛ ሆኜ ነገሩን ሳሰላስለው፣ ሁለት ክረምት ሙሉ የእያንዳንዱን ብሎን ልክ ሰው ስጠይቅ፣ አባቴን ግን አንዲት ጥያቄ አለመጠየቄ ይገርመኛል። የሰውን ሐዘን ከፎቶግራፍ አንብቤ ልጠግን ተነሣሁ። ብጠይቃቸው ደግሞ «ተው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እተው ነበር፤ ያ በስማቸው የጠራቸው ጓደኛቸውም ከእሳቸው ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር። አጥፍቼ ነው ወይስ በጎ አድርጌ? ዛሬም አልቆረጥኩም።