የቨርሊን ምላጭ እና የኦሊታ ሽርጥ

ቨርሊን ስታብልፊልድ በአሜሪካ ኦዛርክ ኮረብቶች መሀል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ፍሬን ላይ እግሩ ለስላሳ ከመሆኑ የተነሳ ልጆቹ ጥሬ እንቁላል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይፈትኑት ነበር፤ በዚያ ጠመዝማዛ የጠጠር መንገድ አንድም እንቁላል አልተሰበረም። ጣቱ ግን ሌላ ነው። ጠመንጃ ሲነካ ያብዳል።

ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ከቨርሊን በስተቀር። ሁለት ጸደይ በተከታታይ የዱር ቱርክ ዶሮ የሳተው በጣቱ ሳይሆን በጠመንጃው ምላጭ ምክንያት ነው ባይ ነው። "ይከብዳላ!" ይላል። "ግትር በቅሎ የምጎትት ነው የሚመስለኝ።"

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ወንዙ ዳር ባለችው የአዳኞች ጎጆ ውስጥ ወፍ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጫፍ በቢላ ይቆረጥና ግድግዳ ላይ በሚስማር ይመታል። ውርደት ነው፤ ግን መግቢያም እሱው ነው። ጨርቁ ግድግዳው ላይ ያልተሰቀለ ሰው የጎጆዋ አባል አይባልም፤ ስቶ የማያውቅ ተኳሽ እዚያ ባቄላውን ቆሞ ነው የሚበላው። ሦስት ጸደይ በተከታታይ የሳተ ደግሞ እየተደገፈ የሚያድንበትን ዛፍ ለአዲሱ አባል ያስረክባል።

የቨርሊን ዛፍ ሸንተረሩ አናት ላይ ያለው ትልቁ ኦክ ነው። ሟች አባቱ ሥሩ ተቀምጠው ሲያድኑ ስለኖሩ ግንዱ በጀርባቸው ልክ ለስልሷል። ቨርሊን እዚያ ቦታ ላይ ጀርባውን ሲያሳርፍ ሽማግሌው ከኋላው ያሉ ይመስለዋል፤ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አዲሱ አባል ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አምና ስቶ ጨርቁ የተሰቀለለት የሚስቱ ወንድም ራንዳል! ይሄ ሰውዬ በረዶው ሳይቀልጥ ወጥቶ ዛፉ ሥር ለታጣፊ ወንበሩ ቦታ ሲለካ ታይቷል።

ስለዚህ ዘንድሮ ቨርሊን ወጥ ቤቱን ወርክሾፕ አደረገው። ጠመንጃው የአባቱ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ የፊተኛው ምላጭ የቀኙን፣ የኋለኛው የግራውን ይተኩሳል። ሁለቱንም ከማበላሽ ብሎ የፊተኛውን ብቻ ያዘ። ባዶውን ጠመንጃ ወደ ጣሪያ አቁሞ ምላጩ ላይ በሽቦ የወተት ጀሪካን ያንጠለጥልና ውሃ ይጨምራል፤ "ቀጭ" ሲል ያቆምና ጀሪካኑን በሚስቱ በኦሊታ የዱቄት ሚዛን ይመዝናል። መጀመሪያ ሰባት ፓውንድ ሆነ። ፈታ፣ ሞረደ፣ ገጠመ፤ አምስት። እንደገና ሞረደ፤ ሦስት። እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት፤ ግን መሞረድ ሱስ ነው። አንድ ፓውንድ ሲደርስ ኦሊታ ምድጃው አጠገብ አነጠሰች፤ ጠመንጃው "ቀጭ" አለ።

"ይማርሽ" አለ ቨርሊን፣ ለሚስቱ ይሁን ለጠመንጃው ሳይታወቅ።

"ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ የአይጥ ወጥመድ?" አለች ኦሊታ። "ጥይት ቢኖረው ጣሪያዬን ገድለኸው ነበር እኮ!"

"ትንሽ በዛ መሰለኝ። ወደ አራት ፓውንድ እመልሰዋለሁ፤ ለቱርክ ትክክለኛው አራት ነው።"

"ቨርሊን፣ አንተ ስትተኩስ ዓይንህን ትጨፍናለህ።"

"እኔ?"

"አይ፣ ድመቷ! ጣሳ ስትተኩስ አይቼሃለሁ። ጨፍነህ፣ ጥርስህን ነክሰህ፣ የአውቶቡስ በር እንደምትከፍት ነው የምትጎትተው።"

"እዛ ጎጆ እግርሽ ረግጦ የማያውቅ ሴትዮ፣ ስለ ምላጭ ልታስተምሪኝ ነው?"

ኦሊታ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውሃ ወለወለች። ግን አልተረታችም። ባሏ የቀኙን አፈሙዝ ሁልጊዜ ከቀኝ ኪሱ፣ የግራውን ከግራ ኪሱ እንደሚያጎርስ ታውቃለች። እሱ ገላውን ሲታጠብ የተተኮሰ ቀለህ አንስታ የበቆሎ ዱቄት ሞላችው፣ አፉን በሻማ ሰም ደፈነችና በቀኝ ኪሱ ባለው ጥይት ለወጠችው። "ካልሰማ ይየው" አለች ለራሷ።

አደኑ በተከፈተ ዕለት ገና ሳይነጋ ቨርሊን በዳበሳ ጠመንጃውን አጎረሰና ጀርባውን ኦኩ ላይ አሳረፈ። ሰማዩ ሲገልጥ በእንጨት መጥሪያ ሳጥኑ የሴቷን ቱርክ ድምፅ እያስመሰለ ጠራ። አውራው ቱርክ ከሸለቆው መለሰ። ጅራቱን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሚስት የሚያገኝ መስሎት እየተጎማለለ መጣ። ቨርሊን አነጣጠረ። "አባባ፣ ዛሬ አደራ" አለ በልቡ። አራት ፓውንዱን የፊት ምላጭ ሳበ።

"ቀጭ።"

ፍንዳታ የለ፣ ጭስ የለ። ቨርሊን ዓይኑን ገለጠ። ልብ በሉ፣ ገለጠ ነው ያልኩት። አፈሙዙ የሚያየው አውራውን ሳይሆን የገዛ ጫማውን ነው። አውራውም ቀጭታውን እንደ ሰላምታ ቆጥሮ አንገቱን አስግጎ "ግሎ ግሎ ግሎ" ብሎ መለሰለት። ቨርሊን በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ለካ ይህን ሁሉ ጸደይ ሲተኩስ የኖረው መሬት ላይ ነው! አፈሙዙን ቀስ ብሎ አነሳ። ዓይኑን እንደ ጉጉት አፈጠጠ። ከዚያ ልጆች ያሉበት አውቶቡስ ፍሬን እንደሚይዝ በዝግታ የኋላውን፣ ሞረድ ያልነካውን፣ ሰባት ፓውንዱን ምላጭ ሳበ። አውራው ወደቀ።

"ሰምቻለሁ!" ራንዳል ከቁጥቋጦ ውስጥ ዘሎ ወጣ፤ ዛፉን እንደ ንብረቱ ሊጎበኝ መጥቶ ነበር። "መጀመሪያ ቀጭ ብሏል! ምላጭ ስበሃል፣ ወፉ ቆሟል። ስተሃል!"

ቀትር ላይ ጎጆዋ ውስጥ ችሎት ተቀመጠ። የሞተው አውራ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ፤ የጎጆዋ ሽማግሌ አጎት ሆይት የጎረሱትን የበቆሎ ቂጣ እያላመጡ ከቀኙ አፈሙዝ የወጣውን ቀለህ ፈለፈሉና ዱቄቱን ቀመሱ።

"ይሄን ያጎረሰ ማነው?"

"ኦሊታ ትሆናለች" አለ ቨርሊን አንገቱን ደፍቶ። "የቤቴ ዱቄት ነው።"

"እንግዲያው የሳተችው እሷ ናት። ጥሯት።"

ራንዳል ዛፉ ሲያመልጠው ታየው። "ኧረ አጎት ሆይት፣ ምላጩን የሳበው እኮ እሱ ነው! ደንብ ደንብ ነው፤ የሁለቱም ይቆረጥ!"

"እርግጠኛ ነህ?"

"የሁለቱም! ይሰቀል!"

ኦሊታ ከነሽርጧ መጣች። ምንም አልተከራከረችም። "ጥሩውን በኩል ተዉልኝ" ብላ ያደፈውን ጫፍ ሰጠቻቸው። ተቆረጠ፣ ተሰቀለ። ቀጥሎ የቨርሊን ሸሚዝ ተቆረጠ፤ ሦስተኛው ጨርቅ። ቨርሊን መዶሻውን ሲሰማ አባቱን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበረ መሰለውና ወደ መስኮቱ ዞረ።

"በሉ፣ ነገ ወንበሬን ወደ ኦኩ አወጣለሁ" አለ ራንዳል እጁን እያፋተገ።

አጎት ሆይት ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር አዩት። "ለምን ብለህ?"

"አዲሱ አባል ነኛ!"

"ነበርክ። አሁን አዲሷ አባል ይቺ ናት፤ ሚስማሯ ገና ትኩስ ነው። ደንብ ደንብ ነው አላልክም?"

ኦሊታ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ባቄላ ጨለፈች። ቨርሊን ዓይኑ ውሃ አቅርሮ አጠገቧ ቆመ፤ ዛፉ ከቤቱ አልወጣም፣ የሱ ግን አይደለም።

"ኦሊታ፣" አለ፣ "እኔስ የት ልቀመጥ?"

"ጎኔ። ግንዱ ሰፊ ነው፣ አባትህ የተደገፉበትን አንተ ያዝ።" ማንኪያዋን አነሳች። "እየጠራህ ታመጣልኛለህ፣ እኔ እተኩሳለሁ። ያንን ሞረድ ግን ስጠኝ።"