የወንድሜን መሐላ ለማስፈታት ከቀበና እስከ እንጦጦ

ከቀበና የተነሣነው በሃምሳዎቹ ዓመታት በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ሯጭ ነበር። ከመስከረሙ ማጣሪያ በፊት «አንደኛ ካልወጣሁ ዳግመኛ አልሮጥም» ብሎ በእመቤታችን ስም ምሎ፣ አራተኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጫማው ከአልጋ ሥር አልወጣም። አሠልጣኙ «ሁለተኛው ማጣሪያ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ይምጣ» ብለው ቢልኩበት፣ «መሐላ አፍርሼ አልሮጥም» አለ። እንግዲህ እንጦጦ ያሉት የነፍስ አባታችን ይፍቱት ብዬ እኔ ታላቅ እህቱ ይዤው ወጣሁ።

ወንዙን ተሻግረን ከአንዲት ሱቅ በአሥር ሳንቲም ጧፍ ገዛን። ዳገቱ ሲጀምር የባሕር ዛፉ ሽታ ተቀበለን፤ ከክረምቱ የተረፈው ጭቃ ጥላው ሥር ገና አልደረቀም። ቆሎ ብሰጠው አልቀመሰም።

ዳገቱ ወገብ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘን። አንዷ ታውቀዋለች።

«ሯጩ፣ ዛሬ በእርምጃ ነው? እንጨቱን ያዝልኝና እኔ ልሩጥልህ?»

ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አንገቱን ደፋ።

ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። አባ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ታደሰ ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው።

«ከፊትህ ሦስት ሰዎች ነበሩ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«የእነሱን እግር የሚያዝዘው ማነው?»

«ራሳቸው ናቸው እንጂ።»

«ታዲያ አንተ በሰው እግር ለምን ማልህ?»

እንባው መጣ። በመስቀላቸው ባርከው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ንስሐም ሰጡት፦ እስከ ማጣሪያው ድረስ በየማለዳው ከቀበና እየሮጠ ወጥቶ፣ በመንገድ ስንት ጊዜ እንደቆመ ሳይዋሽ እንዲነግራቸው።

«አንደኛ ስለ መውጣቱስ፣ አባቴ?» አለ ታደሰ።

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ስንወርድ ቆሎውን ተቀብሎኝ በላ። እኔ የራሴን ነገር አስብ ነበር። ማንበብ ለብቻዬ ስማር፣ የጎረቤታችንን የቄሱን ልጅ እስከ ፋሲካ ካልቀደምኩ ብዬ ዝቼ፣ ሳይሆንልኝ ሲቀር መጽሐፉን አንድ ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ዓይኔ የተገለጠው በቀን አንድ ገጽ ብዬ እንደገና ስጀምር ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ቀበና ድልድይ ስንደርስ ለታደሰ ነገርኩት።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ላብ አጥምቆት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ስንት ጊዜ ቆምክ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«አባስ ምን አሉህ?»

«‹ነገስ?› አሉኝ።» ጫማውን ፈትቶ ጭቃውን ማራገፍ ጀመረ። «ሁለት ጊዜ አልኳቸው፣ እቴቴ።»