ለልጄ ብስክሌት ልመርጥ የወጣሁበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ በሚታፈስበት ሰሞን፣ መተማ ዮሐንስ ላይ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በዚያው ዘመን በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌን አትዩብኝ። የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ባለፈው ወር ሴት ልጄ ላይ ያደረግሁት ነገር እረፍት ስለነሳኝ ነው። እሱን ለመናገር ደግሞ ከብስክሌቱ መጀመር አለብኝ።

ባሌ በወባ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆች ይዤ ቀረሁ። ትልቁ አንዳርጌ ነው። ትንሿ ሙሉ ያኔ ገና በጀርባዬ ነበረች። ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ እያበሰልኩ እሸጣለሁ፤ አንዳርጌ እስከ እርሻው ተሸክሞ ያደርስልኛል።

አንዳርጌ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። እኔ ግን ቀበሌው ዘንድ አሥራ አምስት ነው ብዬ አስመዝግቤዋለሁ። የልደት ወረቀት የሚባል በእኛ ቤት አልነበረም፤ ዕድሜ በዓይን ነው የሚገመተው። አጭርና ቀጭን መሆኑ በጀኝ። ከንፈሩ ላይ ብቅ የምትለዋን ጠጉር በየሦስት ቀኑ በምላጭ አነሳለታለሁ። ቁምጣ አስለብሰዋለሁ። ስብሰባ ስንጠራ ከሕፃናቱ ጋር መሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ። እኩዮቹ ሲስቁበት እያየሁ አልፋለሁ።

አንድ ቀን "እማ፣ ሴቶቹ እንኳ ማሙሽ ነው የሚሉኝ" አለኝ።

"ማሙሽ ተብለህ ኑርልኝ" አልኩት።

ብስክሌት የመግዛቱ ሐሳብ የኔ ነው። አፈሳ መጣ የሚል ወሬ ሲሰማ ልጁ በእግሩ እስኪሮጥ መውጫው ሁሉ ይዘጋል። ብስክሌት ካለው ግን ምግብ የሚያደርስ መስሎ ከከተማ ይወጣልኛል፤ ሰሊጡ መሃል ከገባ ማን ያገኘዋል ብዬ ነው።

በገበያ ቀን ሸህ እድሪስ ሱቅ ሄድን። ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳን ገላባት ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው አያታልሉም። ሁለት ብስክሌት ነበራቸው። አንዱ አዲስ፣ ቀይ፣ ለልጅ የሚሆን፣ የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ ያልተነሳለት። ሌላው ያገለገለ ትልቅ ነው። ገዳሪፍ ላይ መንገድ ሲያሠራ የነበረ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ነው አሉ። ለተራራ የተሠራ ነው፤ ጎማው ሰፊና ጥርሳም፣ ማርሽም ያለው። ቀለሙ ተልጧል፤ መቀመጫው ተቀዶ በገመድ ታስሯል።

"እትዬ ብርቄ፣ አዲሱ ለዓይን ነው" አሉኝ። "ቀጭኑን ጎማ ይሄ ጥቁር አፈር አንዴ ከያዘው አይለቀውም። ዓጀላ ከፈለግሽ አሮጌውን ግዢ፤ በዋጋም ይሻልሻል።" ብስክሌትን ዓጀላ ነው የሚሉት።

ከዚያ እንዴት እንደሚመረጥ አሳዩኝ። ከፍ አድርገው ጎማውን አሽከረከሩት፤ ግራ ቀኝ ሳይል ዞረ። ፍሬኑን ጨበጡት፤ ቀጥ አለ። ከመሪው ሥር ብረቱን በጣታቸው ዳበሱ። "የተሰበረ ከሆነ ብየዳው እዚህ ላይ ይገኛል። ይሄ ንጹሕ ነው፣ ወላሂ" አሉ።

አንዳርጌ መሪውን ይዞ ቆሟል። አባቱ ከሞተ ወዲህ ፊቱ እንዲያ ሲፈታ አይቼ አላውቅም።

እሺ ብዬ ብሩን ልፈታ ስል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሁለት ታጣቂ ጋር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ትልቁን ብስክሌት መግዛት ልጄ ደርሷል ብሎ መመስከር መሰለኝ።

"ለማን ነው ጓዲት ብርቄ?" አለኝ።

"ለዚህ ለልጁ ነው። ያቺን ትንሿን ነው የምገዛለት።"

ሸህ እድሪስ ግራ ገባቸው። "አሁን ትልቁን አልተባባልንም እንዴ?" አሉ።

"ኧረ ሸህ፣ ትልቁ ላይ እግሩ አይደርስም።"

"ይደርሳል" አለ አንዳርጌ ቀስ ብሎ።

በጥፊ አልኩት። "ሌሊት እየሸና ፍራሽ የሚያርስ ልጅ ደግሞ ትልቅ ብስክሌት አማረው" አልኩ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ደጅ የቆሙት አጫጆች በሳቅ ፈነዱ። አንዱ የጎጃም ልጅ "አያ ማሙሽ፣ እናትህ ትዘልህ እንጂ ብስክሌት ምን ያደርግልሃል?" አለው። ሌላው በጀርባዬ ያለችውን ሙሉን እያሳየ "ቦታው ተይዟል፤ ተራህን ጠብቅ" አለ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንዳርጌ ለምን እንደዋሸሁ ያውቃል። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የዋጠው ነገር ያን ጊዜ መጣበት መሰለኝ። ትልቁን ብስክሌት እየገፋ ወጣና እግሩን አሻግሮ ተቀመጠ።

የት እንደተማረው ያኔ አላውቅም ነበር። በኋላ እንደሰማሁት የአንድ ዘበኛ ብስክሌት እየለመነ ነው የለመደው። በከብት ተራው ዞሮ፣ ሰሊጥ በጫኑት መኪኖች መሃል ሾልኮ፣ ቦዩን ዘሎ ሲመጣ ገበያተኛው አጨበጨበ። ያ የጎጃም ልጅ እንኳ "ወንድ ነው እንዴ" አለ። ሸሚዙ በነፋስ ተነፍቶ ቁርጥ አባቱን መሰለኝ። የመጣሁበትን ረሳሁት።

ከኋላዬ አንድ ሰው "ይሄ ጎበዝ የማን ልጅ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"የኔ ነው" አልኩ። "አሥራ ስምንት ሞልቶት የለ፤ በዚህ ዕድሜው አባቱም ትራክተር ይነዳ ነበር።"

ዘወር ስል የጠየቀኝ ሊቀመንበሩ ነው።

አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ "አየሽ፣ እግሩ ደረሰ" አለኝ። ታጣቂዎቹን "አውርዱት" አላቸው።

እግሩ ላይ ወደቅሁ። አሥራ አምስት ነው፣ ተሳስቼ ነው ብዬ ማልሁ። ሸህ እድሪስም "ብስክሌቱን ውሰድና ልጁን ተውላት" ብለው ለመኑት። ሁለቱንም ወሰደ።

ሊሄድ ሲል ወደኔ ዞሮ "ልጅሽ ለእናት አገር ሲዘምት ታለቅሻለሽ? እልል በይ" አለ። እስክል ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ። እልል አልኩ። ከገበያተኛው አንድም የተቀበለኝ አልነበረም። ሙሉ ደንግጣ ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች።

በሦስተኛው ቀን ከሌሎቹ ጋር ጭነት መኪና ላይ ሲሳፈር አየሁት። ያችኑ ቁምጣ እንደለበሰ ነው። በሰው መሃል ተጋፍቼ እግሩን ያዝኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ "እማ፣ ፍራሽ አላርስም እኮ። ለምን እንዲያ አልሽኝ?" አለኝ። ሳልመልስለት መኪናው ተነሣ።

ሊቀመንበሩ ያን በጋ ሙሉ በብስክሌቱ በደጄ ሲመላለስ ከረመ። አጭር ስለነበር ፔዳሉ ታች ሲወርድ በጫማው ጫፍ ብቻ ነበር የሚነካው። ሰው ያያል፤ የሚስቅ ግን የለም።

ከአንዳርጌ አንድ ደብዳቤ ከአሥመራ መጣልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ ወደ ሱዳን የሸሸው በእኛ ከተማ አልፎ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ ውኃ እያጠጣሁ የያንዳንዱን ፊት አየሁ። የመጨረሻው እስኪያልፍ ቆሜ ነበር።

ባለፈው ወር ሙሉ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ወላጆች ተጠርተን ሄድን። መምህሩ እጇን ይዞ ፊት አወጣትና "ይህች ጎበዝ የማን ልጅ ናት?" አለ።

አንገቴን ደፋሁ። መምህሩ ሁለተኛ ጠየቀ። ጎረቤቶቼ በክርናቸው ጎሰሙኝ። ሙሉ ከፊት ሆና ታየኛለች። እኔ ከኋላዬ የቆመው ማን እንደሆነ ለማየት ዞርኩ። ወላጅ የሌላት መስላ ሽልማቷን ይዛ ብቻዋን ተመለሰች።

ቤት ስንገባ "እማ፣ አፍረሽብኝ ነው?" አለችኝ። ለወንድሟ እንዳልመለስኩት ለሷም አልመለስኩም። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ማንበብ ከኔ ትሻላለች።

ልጅቷ የኔ ናት። የአንዳርጌን ስም ሳልቀይር የጻፍኩት ምናልባት የሚያውቀው ሰው ቢገኝ ብዬ ነው። የሷን ግን ቀይሬዋለሁ።