አባባ፣ አሥራ ሦስት ሺህ ላይ ይቆዩ

የበረራ ተቆጣጣሪነት የመጨረሻ ፈተናዬን የወደቅኩት አንድ አዛውንት ላለማስቀየም ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አልቅሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተቆጣጣሪው ለፓይለቱ ትዕዛዝ ይሰጣል፤ ፓይለቱ የሰማውን ቃል በቃል ይደግማል፤ ተቆጣጣሪው አድምጦ ስህተት ካለ እዚያው ያርማል። ሁለት አውሮፕላን ሰማይ ላይ እንዳይጋጭ የሚያደርገው ይኸው መደጋገም ነው። በፈተናው ዕለት ሌላ ክፍል ተቀምጠው ፓይለት ሆነው የሚያናግሩኝ አንድ ጡረታ የወጡ ካፒቴን ነበሩ። የሰጠኋቸውን ከፍታ ሆን ብለው አሳስተው ደገሙልኝ። ሰምቻለሁ። ግን እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ ትልቅ ሰው ሲናገር “ተሳስተዋል” የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? ዝም አልኩ፤ የእሳቸው አውሮፕላን ስክሪኑ ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተላተመ። አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ። እሱንም ከወደቅኩ መሰናበቴ ነው።

የሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሶዶ ገባሁ። አባቴ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። የወደቅኩበትን ምክንያት ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና “እንግዲያው እኔ አውሮፕላን እሆናለሁ” አሉ።

ግቢያችን ዳሞታ ተራራ ግርጌ ስለሆነ ጓሮው እርከን ነው። የላይኛውን እርከን አሥራ ሦስት ሺህ ጫማ አልነው፤ የታችኛውን አሥራ ሁለት ሺህ። አባቴ ወደ ላይኛው ወጡ። እናቴ ታች ቦዬ የሚባለውን ያገራችንን ሥራሥር እየቆፈረች ስለነበር እሷም አውሮፕላን ሆነች፤ ማንም አላማከራትም። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። እንሰቱ ስለሚጋርደን የምንነጋገረው በስልክ ነው፤ ሦስታችንም አንድ መስመር ላይ ነን።

“አባባ፣ አሥራ ሦስት ሺህ ላይ ይቆዩ” አልኩ።

“ወደ አሥራ ሁለት ሺህ እየወረድኩ ነው” አሉ አባቴ ኮራ ብለው።

“እሺ አባባ” አልኩ። እውነቴን ነው፣ እሺ አልኩ። ወዲያው እንሰቱ ተንኮሻኮሸ፣ እናቴ ጮኸች፣ ቦዬው ከነቅርጫቱ እየተንከባለለ እስከ ጎረቤት አጥር ወረደ። ጎረቤታችን ብቅ ብላ አባቴን እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ስታያቸው፣ ሰላም እንኳ ሳትለን ተመለሰች። እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ።

“አንቺም እኮ ሰምተሻል” አልኳት እናቴን።

“ሰምቻለሁ። አባትሽ ሲናገሩ እኔ ምን ልበል?”

አባቴ ልብሳቸውን እያራገፉ “ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት” አሉ። “እናትሽ ውስጥ መቶ ሰው ነበር።”

በማግስቱም አልሆነልኝም። “ይቅርታ አባባ፣ ምናልባት ካላስቸገርኩዎት...” እያልኩ ሳለሁ እናቴ በድጋሚ ተገጨች።

በሦስተኛው ቀን አሁንም አሥራ ሦስት ሺህ ላይ ይቆዩ አልኳቸው። “ወደ አሥራ ሁለት ሺህ እወርዳለሁ” አሉ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። “አይደለም አባባ፤ ተሳስተዋል። አሥራ ሦስት ላይ ይቆዩ።”

“አሥራ ሁለት ነው ያልሽው።”

ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ የነበረው ድምፅ ነው። የዛሬው ሆን ተብሎ እንዳልሆነ ገባኝ። ወረቀቴን አየሁ፤ አሥራ ሦስት ይላል። “አላልኩም” አልኩ። “አሥራ ሦስት ሺህ ላይ ይቆዩ።”

እናቴ መቆፈሯን አቆመች።

“አሥራ ሦስት ሺህ ላይ እቆያለሁ” አሉ በመጨረሻ፣ ዝግ ብለው። ከዚያ በኋላ እስከ እራት ድረስ ከላይኛው እርከን አልወረዱም። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ ተፈተንኩ። ካፒቴኑ ሁለቴ አሳስተው ደገሙ፤ ሁለቴም አረምኳቸው። ማለፌን ለአባቴ ለመንገር ስደውል እየዘለልኩ ነበር። እንኳን ደስ አለሽ ብለው መረቁኝ። ከዚያ “ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አንድም ሰው አርሞኝ አያውቅም” አሉ። “ተሳስቼ ስለማላውቅ ይመስለኝ ነበር።”