የደምሴ ከስክስ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ መቅደስ ከላሊበላ ገበያ ሁለት ጥንድ ጫማ አንጠልጥላ መጣች። ሥራዋ እንግዳ ይዞ ተራራ መውጣት ነው። ፈረንጆቹ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በካሜራ ያድናሉ፤ እሷ ፈረንጆቹን ከገደል ታድናለች። አንደኛው ጫማ ቀላል ነው፣ ቀለሙ የሠርግ ድንኳን ይመስላል። ሌላው ረጅም አንገት ያለው ከባድ የቆዳ ቡትስ ነው። ሻጩ ያልወደድሽውን መልሺ ብሏታል።

«አባዬ፣ የቱ ይሻላል? ድሮ አዳኝ ነበርኩ ትል የለ?»

«ነበርኩ እንጂ! ነብር ስሜን ሲሰማ ወረዳ ይቀይር ነበር።»

«እሺ፣ የነብሮች ጌታ፣ የቱን ልያዝ?»

ከባዱን አነሳሁት። ገልበጥ አድርጌ ሶሉን አየሁ፤ ከዚያ ቆዳውን አሸተትኩ። ቀልዱ እዚያው ላይ አለቀብኝ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከገነተ ማርያም በላይ፣ ቁንጫ እንኳ ጋቢ ካልደረበች በማትነክስበት ደጋ ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ወታደር ነበር፤ ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ እየተጓዘ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ቤት ደረሰ። ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር እግሩ ላይ ያለው የወታደር ጫማ፣ ከስክሱ ነው። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እሱ ዝናብ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ።

አበደ እንዳትሉ፣ አላበደም። እረስ ሲሉት ያርሳል፣ ብላ ሲሉት ይበላል። ሲሳቅ ግን አይስቅም፣ ሲለቀስ አያለቅስም። የአክስታችንን አስከሬን ተሸክሞ ወደ ቀብር ሲሄድ ፊቱ ጭድ የተሸከመ ሰው ፊት ነበር። እኔ በለቅሶ ቤት አስቄ የተባረርኩ ሰው ነኝ፤ እሱ ፊት ያልሠራሁት ቀልድ የለም። ጨርሼ እስክቀመጥ ያየኛል፤ ከዚያ ወደ በሩ ያያል። እናቴ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ ወስዳ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል አስጠጣችው። «እንዴት ነህ ልጄ?» ብትለው «ይቀዘቅዛል» አላት።

ገብሱ ታጭዶ ሲከመር ነብር በጎቻችንን ማንሳት ጀመረ። የመንደራችን የአደን አለቃ አባ ጓንጉል ይህን ሲሰሙ ከእኛ ቤት መጡና እናቴን አማከሩ።

«ነብሩን እሱ ይግደለው። ቅቤ ይቀባ፣ እልል ይባልለት። የወንድ ልብ ሲሸፍት በእልልታ ነው የሚመለሰው።»

እናቴ አመነች። እኔም አመንኩ። ጠበሉ እምቢ ካለ ምን ቀረን? ችግሩ የአደኑ ሕግ ነበር፦ ገዳይ የሚባለው መጀመሪያ ያደማው ነው፤ ሌላው ቢጨርሰውም ቅቤው የእሱ ነው። ስለዚህ እናቴ እኔን ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

«አንተ ቀዥቃዣ፣ ተኩሰህ እንዳትቀድመው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ እንኳን ነብር በረት ውስጥ ያለች ላም—»

«ዝም በል! ዛሬ እንኳ ዝም በል። ልጄን መልስልኝ።»

አባ ጓንጉል ሰው ይዘው ከመውጣታቸው በፊት ጫማ ያስመርጡ ነበር። አመራረጡም በዓይን አይደለም፣ በጆሮ ነው። አውድማው ዳር፣ ጠጠርና ደረቅ ጭድ ባለበት፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። «እንግዲህ ነብሩ እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ኑ። የሰማሁት ቤቱ ይውላል» ይላሉ።

መጀመሪያ ኮንጎ ጫማዬን አድርጌ ሄድኩ። ላስቲኩ ጭርቅ ጭርቅ ሲል «ይህችን አይጥ ወዲያ በሏት!» አሉ። በረባሶ ቀየርኩ። ተረከዜን ጠፍ ጠፍ ሲያደርገኝ «ማነው የሚያጨበጭበው? ሠርግ አለ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ከመጣ ጀምሮ ምራቄን ስውጥለት የነበረውን የደምሴን ከስክስ አጠለቅኩ። እውነቴን ነው፣ ቁመቴ በአንድ ክንድ ጨመረ። ጥቂት እንደተራመድኩ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ኧረ ይሄ ሰው አይደለም፣ ብርጌድ ነው! ነብሩ እጁን ይሰጣል!»

አውድማው በሳቅ ፈነዳ። በመጨረሻ በረባሶዬ ላይ የበግ ለምድ ጠቅልለውልኝ አለፍኩ።

ደምሴ ማንም ሳይነግረው መጣና ያወለቅኩትን ከስክስ አነሳ። አጠለቀው፣ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገ። በከስክስ አይሆንም ሊሉት የከጀሉ ነበሩ፤ ግን እሱን መናገር ማንም አይደፍርም። ትንሽ ቆይቶ አባ ጓንጉል ተቆጡ።

«ምን ይጠብቃል? ይምጣ እንጂ!»

«መጥቷል፣ አባ» አልኩ።

ዘወር ሲሉ ደምሴ ትከሻቸው አጠገብ ቆሟል፤ ጥላው ጥምጥማቸው ላይ አርፏል። ደንግጠው ሳቁ፣ ሳቁንም ሳይጨርሱ ተዉት።

«ይህን አረማመድ ማን አስተማረህ ልጄ?»

«የተሰሙት ቀሩ፣ አባ» አለ ደምሴ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣን። የአባታችንን ምንሽር ደምሴ ያዘ፤ እኔ የአባ ጓንጉልን ውጅግራ ያዝኩ፤ እኔ ጠመንጃውን ሳይሆን ጠመንጃው እኔን ተሸከመኝ ብል አልዋሸሁም። ውርጩ ሣሩን ጨው አስመስሎታል። የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን ጅብራ ወደሚበቅልበት ከፍታ ስንደርስ ውርጩ በበረባሶው ገብቶ የጣቶቼን ነገር ጨርሶት ነበር። አባ ጓንጉልና ሌሎቹ ነብሩን ከዋሻው ሊያባርሩ በላይ በኩል ዞሩ፤ እኔና ደምሴ ከታች ቋጥኝ ተጠግተን ጠበቅን። ዳቦ ቆሎ ሰጠሁት፤ ቆረጠመ። እግሬን ሳሻሸው አየኝና ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቴን ጨመቀው።

«ይሰማሃል?»

«ኧረ አይሰማኝም፣ አያ! የሰው ጣት ነው የሚመስለኝ።»

«ደግ ነው» አለ። «የማይሰማ አያምም።»

ለወራት ከነገረኝ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። ወዲያው ከላይ ጩኸት ተነሳ፣ ድንጋይ ተንከባለለ፤ ነብሩ በገደሉ ጥግ ብቅ አለ። ቀርቦኝ ነበር፤ ጢሙ ላይ ያለውን ጤዛ አየሁ። ውጅግራውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ ለእናቴ ስል። ደምሴ በር እንደሚዘጋ ሰው ረጋ ብሎ ተኮሰ። ነብሩ ወደቀ፤ አልተነሳም።

ወጉ ገዳይ ግዳዩ ላይ ቆሞ መፎከር ነው። አባ ጓንጉል እያለከለኩ ወርደው «ዘራፍ በል እንጂ! አባትህን ጥራ፣ ፈረስህን ጥራ!» አሉት። ደምሴ ቀለሃውን ከመሬት ለቅሞ ኪሱ ከተተ። ሁሉም ወደ እሱ ያያል፤ ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ያ ዝምታ አላስቻለኝም። በማይሰማኝ እግሬ ዘልዬ ቋጥኙ ላይ ወጣሁና ጮህኩ፦

«ዘራፍ! የደምሴ ወንድም! ወንድሙ ሲተኩስ ቆሎ የሚቆረጥም!»

አባ ጓንጉል እስኪያስላቸው ሳቁ። ደምሴን ዞር ብዬ አየሁት። ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ያይ ነበር።

መንደር ስንደርስ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉን። እናቴ ያስቀመጠችውን ቅቤ ሙሉውን አውጥታ አናቱ ላይ ከመረችለት። እልልታው ተራራውን ዞሮ ተመለሰ፤ ቅቤው ቀልጦ በግንባሩ፣ በቅንድቡ ወረደ። አልጠረገውም። እናቴ ፊት ለፊቱ ተንበርክካ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ። ቆይቶ እጁን ወደ አናቱ ሰደደ፤ ከቅቤው ዘገነና ከስክሱን ይቀባ ጀመር። ስፌቱን፣ ምላሱን፣ የተሰነጠቀውን ተረከዝ፣ አንዱንም ሳያስቀር። እልልታው ቀስ እያለ ከሰመ።

«ለእግሩም ድርሻውን ሰጠው!» አሉ አባ ጓንጉል። የሳቀ የለም።

ቅቤ የጠጣ ቆዳ ለሩቅ መንገድ ነው። እናቴ ይህን ለማወቅ ማንንም አልጠየቀችም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የበሶ ዱቄት ስትሰፍር ሰማሁ። ጠዋት ስንቁን ትከሻው ላይ አድርጋ ሸኘችው። የት ነው የምትሄደው አላለችውም። እሱም አልነገራትም። በጠጠሩ ላይ ሲወርድ ኮቴው አልተሰማም።

ሁመራ ሰሊጥ ሲያጭድ አየነው ያሉ መጡ። አፋር በረሃ ላይ ነው ያሉም መጡ። እናቴ እርሙን አላወጣችም፤ አልሞተማ። አልተመለሰም ደግሞ። እንደዚያ ሆና አረጀችና ሞተች። እኔም በቀብሯ ላይ ሰው አሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ አልችልበትም።

«አባዬ!» አለች መቅደስ። «ጫማ አሽትተህ ደነዘዝክ እኮ። ደምሴ የምትለው አጎቴ ትዝ ብሎህ ነው? ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። እኔ ከአንድ ድመት አሥር ነብር የማወጣ ሰው ነኝ። ስለ ደምሴ ግን ምንም መጨመር አልችልም፤ ብሞክርም አይያዝልኝም። ያለው ይኸው ነው፤ እንዳለ ነገርኳት። ሳትስቅ ሰማችኝ። ከዚያ አንዱን በአንድ እግሯ፣ ሌላውን በሌላው አድርጋ ግቢውን ስትመላለስ ቆየች። «ይሄ አውራ ጣቴን ይጨቁነኛል፣ ያ ተረከዜን ይልጠኛል፣ ይሄን እመልሰዋለሁ፣ አይ ያንን ነው የምመልሰው» እያለች ታማርራለች።

አላቋረጥኳትም። ደምሴ ጫማ አልመረጠም፤ ያለውን ነው የተጫማው፤ እግሩ ይመመው አይመመው ማን ያውቃል። የእኔን ልጅ ግን ሁሉም ያማታል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ቅሬታዋን አንድ በአንድ ሰማሁት።